መብራት ሲጠፋ ሙቀት ክፍል ያሉት ልጆች እንዴት ይሆናሉ?

እኛ ጋር ልጅ ያለ ጊዜው ሲወለድ ቤተሰብ ለዘመድ የሚደውለው "ተገላግላለች፣ ልጁ ግን ሙቀት ክፍል ገብቷል" ብሎ ነው። ሐኪሞቹና ሲስተሮቹ ኒኩ ይሉታል፣ ወረቀት ላይ ደሞ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ተብሎ ይጻፋል፣ እኔ ግን ሰው ያወጣለትን ስም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም እዛ ክፍል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ዋናውን ነው የያዘው። ኦክስጅኑም ግሉኮሱም ሞኒተሩም አለ፣ ግን ልጁ ከቀዘቀዘ አንዳቸውም ብዙ አይረዱትም። ሙቀቱ ደሞ የሚመጣው ከመብራት ነው። ታዲያ መሬት ተንቀጥቅጦ ወይ ጎርፍ ገብቶ መብራቱ ድርግም ቢል፣ ሰውም ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወደ ደጅ ቢሮጥ፣ እነዛ መሮጥ ቀርቶ ጮክ ብሎ ማልቀስ እንኳን የማይችሉ ልጆች እንዴት ይሆናሉ?

ይሄ ጥያቄ ውስጤ የገባው ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ነው፣ ለቅዳሜ አጥቢያ። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለሳምንታት ሲነቃነቅ የከረመው መሬት በዛች ሌሊት በሬክተር ስኬል 5.8 ደርሶ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ቀሰቀሰ፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በደረጃ ወረደ። የወንድሜ ሚስት ያኔ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነበረች። ልጇ በ31 ሳምንቷ ተወልዳ 1 ኪሎ ከ400 ግራም መዝና ሙቀት ክፍል ከገባች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። እናቶቹ የሚያድሩት ኮሪደሩ ላይ ጨርቅ አንጥፈው ነው፣ በየሦስት ሰዓቱ ይጠራሉ፣ ወተት አልበው ያቀብላሉ፣ ልጃቸውን ትንሽ አይተው ይወጣሉ። መሬቱ ሲነቃነቅ በዛች ሌሊት እዛ ያደሩት ስድስት እናቶች ተነስተው የሮጡት ወደ መውጫው አይደለም፣ ወደ ሙቀት ክፍሉ በር ነው። በሩ ዝግ ነው። ጥበቃው ራሱ ደንግጦ "አይፈቀድም እናቴ፣ ወደ ውጭ ውጡ" ይላቸዋል። ውስጥ ሁለት ሲስተሮች አሉ፣ ልጆቹ ደሞ አስራ ሰባት ናቸው። ተመስገን ምንም አልሆነም፣ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ መብራትም አልጠፋም። ግን ሁለት ሰው ለአስራ ሰባት ልጅ የሚለው ሂሳብ ከዛ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ስድስት እናት በር ላይ ቆማ እያለ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈራ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ብርድ ልብስ ደርበው ይዘውት ይውጡ በቃ" ብሎ ነው የሚያስበው። አራስ ልጅ እንደ እኛ ሲበርደው አይንቀጠቀጥም። እኛ ስንንቀጠቀጥ ጡንቻችን እየሠራ ሙቀት ያመነጫል፣ አራስ ግን ያለው አንገቱና ጀርባው አካባቢ የተከማቸች ልዩ ስብ ናት፣ እሷን እያቃጠለ ነው የሚሞቀው። ያቺ ስብ የምትጠራቀመው በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ስለሆነ ደሞ የሰባት ወር ልጅ ላይ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ቆዳው ስስ ነው፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንፃር ትልቅ ነው፣ ሙቀቱ በዛ በኩል ይተናል። የጨቅላ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከዛ ሲወርድ ችግሩ ብቻውን አይመጣም፣ ሲበርደው ስኳሩን ይጨርሳል፣ ስኳሩ ሲወርድ ትንፋሹ ይደክማል፣ ትንፋሹ ሲደክም ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ሙቀት የማመንጨት አቅሙ ጭራሽ ይጠፋል። ይሄ ሁሉ ባዶ ብርድ ልብስ ስር ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም ብርድ ልብስ ያለ ሙቀት ያቆያል እንጂ አይፈጥርም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት፣ ልጆቹ የሚተኙባቸው ማሞቂያዎች ደሞ አብዛኞቹ ባትሪ የላቸውም፣ ባትሪ ያለው ልጅ ለማጓጓዝ የሚሠራው ዓይነት ነው፣ እሱ ደሞ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቢኖር አንድ ወይ ሁለት ነው።

ይሄን ስል ጨቅላ ልጅ እንደ ሻማ ወዲያው ጥፍት የሚል ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1985 ሜክሲኮ ሲቲ በርዕደ መሬት ስትመታ ሁዋሬዝ የሚባለው ሆስፒታል ፈርሶ፣ ከፍርስራሹ ስር አራስ ልጆች በሕይወት ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ከሳምንት ገደማ በኋላ። እንደዚህ ዓይነት ተአምር ግን ማንም ሆስፒታል እቅድ አድርጎ ሊይዘው አይችልም።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ቶሎ የያዘኝ የኒውዮርኩ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ላንጎን ሆስፒታል ማንሃተን ላይ ወንዙ ጥግ ነው ያለው። ሀብታም ሆስፒታል ነው፣ ጄኔሬተር የለውም እንዳይባል አለው፣ ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠም አለው። ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ክፍል ግን ምድር ቤት ነበር። ባሕሩ ሞልቶ ምድር ቤቱን ሲያጥለቀልቀው ላይ ያለው ጄኔሬተር ነዳጅ አጣ፣ የከተማውም መብራት ጠፍቷል፣ ሕንፃው ጨለማ ሆነ። ሙቀት ክፍሉ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውስጡ 20 ልጆች አሉ፣ ሊፍት የለም።

እና በደረጃ አወረዷቸው። ሲስተሯ ልጁን ደረቷ ላይ አቅፋ ትወርዳለች፣ ራሱን ችሎ የማይተነፍስ ከሆነ በእጅ በሚጨመቀው አምቡ ባግ ትንፋሽ እየሰጡት፣ በየደረጃው መታጠፊያ ባትሪ የያዘ ሰው ቆሞ እያበራላቸው። አምቡ ባግ ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የጨቅላ ትንፋሽ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ መጨመቅ አለበት፣ በሰዓት ሲመታ ከ2400 እስከ 3600 ጊዜ ማለት ነው፣ ያውም ትንሽ ጠንከር ካደረግሽው ሳንባው ይጎዳል፣ ላላ ካደረግሽው አየሩ አይገባም። ያንን ጨለማ ደረጃ እየወረዱ ነው ያደረጉት። አንድ ልጅ ለማውረድ አንዱ ልጁን፣ አንዱ ባጉን፣ አንዱ ኦክስጅኑን፣ አንዱ የግሉኮሱን ፓምፕ ሲይዝ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቡት። 20ዎቹም ልጆች ወርደው አምቡላንስ ውስጥ ገብተው ሌሎች ሆስፒታሎች ደረሱ፣ ሁሉም በሕይወት። በዛ ሌሊት ከዛ ሆስፒታል የወጣው በሽተኛ በጠቅላላው ከ300 በላይ ነው። ጎረቤቱ ቤልቪው ሆስፒታልም እንደዛው ነበር፣ ጄኔሬተሩ 13ኛ ፎቅ ላይ፣ ነዳጅ የሚገፋው ምድር ቤት፣ ሰዎች ተሰልፈው ነዳጅ በእቃ እየተቀባበሉ 13 ፎቅ አወጡ።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ ስለ ጀግንነቱ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ጀግንነትም ነው፣ ቃል የለኝም። ግን የኔን ልብ የሚነካው ከዛ በፊት ያለው ነው፣ ማለትም ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ደረጃ ላይ የቆመው ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ፕላን ላይ ፓምፑን ምድር ቤት ስላስቀመጠው ነው። ሥዕሉ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ናት በቃ። የአሜሪካዋን ከተማ ሂውስተንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሊሰን የተባለው ዝናብ የከተማውን የሕክምና ሰፈር አጥለቅልቆ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ምድር ቤት ስለነበሩ ትልልቅ ሆስፒታሎች ጨለማ ውስጥ ገቡ፣ በሽተኛ በሄሊኮፕተር ወጣ። ከዛ በኋላ ግን ቁጭ ብለው አሰቡበት፣ ውሃ የማያስገቡ ከባድ የብረት በሮች አስገጠሙ፣ የኤሌክትሪክ እቃውን ከፍ አደረጉ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሆስፒታል ውስጥ ገብቶ እስኪያልፍ ድረስ የማይወጣ፣ ልብሱንና ምግቡን ይዞ የሚመጣ ቡድን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ከተማው ባሕር ሲሆን የዛ ሰፈር ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራ አላቆሙም። የሕፃናት ሆስፒታሉም ልጆቹን የትም ሳይወስድ በሩን ዘግቶ አሳለፈው።

"ታዲያ ለምን ቀደም ብለው አያወጧቸውም?" ይባላል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ያው የላንጎን ሆስፒታል ከሳንዲ በፊት በነበረው ዓመት አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ይመጣል ሲባል በሽተኞቹን አስወጥቶ ነበር፣ አይሪን ግን እንደተፈራው ሳይሆን ተዳክሞ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሳንዲ ሲመጣ ብዙዎቹን አቆይቶ ለማሳለፍ ተወሰነ። የሚገርመው ሁለቱም ውሳኔ በጊዜው ስህተት አልነበረም፣ ምክንያቱም ማውጣት ራሱ አደጋ አለው። 900 ግራም የምትመዝን ልጅን አምቡላንስ ውስጥ አስገብቶ በጎደጎደ መንገድ መውሰድ፣ ቱቦው ሊነቀል፣ ሙቀቷ ሊወርድ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለውም አለ። ጊዜ ካለ በጣም የታመሙት ቀድመው ይወጣሉ፣ ብዙ ሰውና እቃ የሚፈልጉት እነሱ ስለሆኑ። እሳት ወይ ውሃ በር ላይ ከደረሰ ግን ቶሎ ሊወጡ የሚችሉት ይቀድማሉ፣ በአንድ ከባድ ልጅ ጊዜ አራት ቀላል ልጅ ማዳን ስለሚቻል። ይሄን ውሳኔ አንዲት የማታ ተረኛ ሲስተር በዛች ደቂቃ ብቻዋን እንድትወስነው መተው ጭካኔ ነው፣ አስቀድሞ ተመካክረውበት፣ ተጽፎ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መገኘት አለበት። አንዳንድ አገር ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ትልልቅ ኪስ ያለው ሽርጥ አለ፣ ሲስተሯ ታጠልቀውና በየኪሱ አንዳንድ ልጅ ይገባል፣ እጇ ነፃ ሆኖ ደረጃውን እየያዘች ትወርዳለች። አይተው ሲያስቡት እናቶቻችን በአንቀልባ የሚያዝሉት ነው እኮ፣ የኛ አገር ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ሊሰፋው የሚችል ነገር።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር ስም ነው። ትልቅ ሰው ራሱን ሳይስት ከወጣ ስሙን ይናገራል፣ የአራት ዓመት ልጅም "አባዬ ከበደ ነው" ይላል፣ ጨቅላ ግን ምንም አይልም፣ ለማያውቀው ሰው ደሞ አንዱ ከሌላው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ከተማ ኒው ኦርሊንስን ስታጥለቀልቅ ከከተማው ሆስፒታሎች ከ100 በላይ ጨቅላዎች ባተን ሩዥ ወዳለ አንድ የእናቶች ሆስፒታል ተወሰዱ፣ ሄሊኮፕተሩ ጠባብ ነው፣ ወላጅ አብሮ መሳፈር የማይችልበት ብዙ ነበር፣ ወላጆቹ ደሞ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። በዛ አደጋና ቀጥላ በመጣችው ሪታ ከወላጆቻቸው ተለይተዋል ወይ ጠፍተዋል ተብለው የተመዘገቡት ልጆች ከ5 ሺህ በላይ ናቸው፣ የመጨረሻዋ ልጅ ከቤተሰቧ የተገናኘችው ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ከዛ በፊት በነበረው የሱናሚ ጊዜ ደሞ ስሪላንካ ውስጥ ከውሃ የወጣ አንድ ሕፃን ሆስፒታል ገብቶ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ በመዝገብ ተራ ቁጥሩ "81ኛው ሕፃን" ተባለ፣ ልጄ ነው የሚሉ ሰዎች ተነሱና ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በዲኤንኤ ነው የተፈታው፣ ወላጆቹ ልጃቸውን እስኪያገኙ ሳምንታት አለፉ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንዲት ፕላስተር። እግሩ ላይ የእናት ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ከተቻለ ስልክ፣ በማይለቅ እስክሪፕቶ። አንዱ እግር ላይ ያለው ቢነቀል እንዲተርፍ በሁለቱም እግር።

የቱርኳን ከተማ የጋዚያንቴፕን ቪድዮ ሳታዩት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2023 ቱርክና ሶርያን የመታው 7.8 ርዕደ መሬት ጊዜ የአንድ ሆስፒታል ካሜራ የቀረጸው ነው፣ ክፍሉ እየተናጠ ሁለት ሲስተሮች ከውጭ ወደ ውስጥ ሮጠው ይገቡና ማሞቂያዎቹን እንዳይወድቁ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አርገው ይይዛሉ። በ2025 የምያንማሩ መንቀጥቀጥ ቻይና ድንበር ላይ ያለችውን ሩዪሊ ከተማ ሲነቀንቅም ተመሳሳይ ቪድዮ ወጥቷል፣ አንዷ ሲስተር ልጅ አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሌላው እጇ የሕፃን አልጋ ይዛ ነው። እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ ባየኋቸው ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ጎማዎቹ ላይ ነው። ማሞቂያዎቹ ባለ ጎማ ናቸው፣ መሬት ሲናጥ እንደ ጋሪ ይነዳሉ፣ ፍሬን ግን አላቸው፣ በእግር የሚረገጥ። ፍሬኑ ሁሌ ተረግጦ ከዋለ ማሞቂያው ቶሎ አይሸሽም፣ ሲስተሯም ለሁለት ልጅ ትደርሳለች። የኦክስጅን ሲሊንደርም ግድግዳ ላይ በሰንሰለት ካልታሰረ ሲወድቅ እንደ ግንድ ነው፣ ትልቁ ከሰው አይተናነስም። ሰንሰለትና ሁለት ብሎን ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለ የእናቶች ሆስፒታል ማሞቂያ አጥሮት አንድ ማሞቂያ ውስጥ ሁለት ሦስት ልጅ እየተኛ፣ በኢንፌክሽን እየሞቱ ተቸግረው ነበር። እዛ የነበሩ ሐኪሞች ልጆቹን እናታቸው ደረት ላይ ማድረግ ጀመሩ። ካንጋሮ የተባለው አያያዝ ከዛ ነው የመጣው፣ እኛ አገርም ሆስፒታሎች ውስጥ በዚሁ ስም ይታወቃል። ልጁ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ይሆናል፣ በእናቱ ሁለት ጡቶች መሀል ቀጥ ብሎ እንደ እንቁራሪት እግሩ ከፈት ብሎ ይለጠፋል፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን፣ አገጩ ቀና ብሎ አየር እንዳይዘጋ፣ ከዛ በነጠላ ወይ በሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ከላይ ልብሷን ትደርባለች። የእናት ሰውነት ነዳጅ አይፈልግም፣ ልጁ ሲቀዘቅዝ ይሞቃል፣ ትንፋሹ ሲቆም የእሷ መተንፈስና መንቀሳቀስ ይቀሰቅሰዋል፣ ወተቱ እዛው ነው፣ ስሙንም አትረሳውም።

ይሄ የድሃ መላ ብቻ ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ግን በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ አምስት ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ ነው፣ ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ልጆች ላይ። እንደ በፊቱ መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ ገብተው ሲረጋጉ ካንጋሮ የተጀመረላቸው በ28 ቀን ውስጥ 15.7 በመቶ ሞቱ፣ እንደተወለዱ ወዲያው ደረት ላይ የተደረጉት ደሞ 12 በመቶ። ከአራት ሞት አንዱ ቀረ ማለት ነው፣ ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ፣ በ2022 ድርጅቱ መመሪያውን ቀየረ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ይሄን ለማድረግ እነዛ ሆስፒታሎች የእናቲቱን አልጋ ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው። እናት ጎብኚ መሆኗ ቀረና አብራ የምታክም ሆነች። መብራት ባለበት በደህና ቀን ይሄን ያህል ልጅ ካዳነ፣ መብራት በሌለበት ሌሊት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት! በሩን ዘግተን የምናስቀራት እናት ማለት ነዳጅ የማይጨርስ፣ ጎርፍ የማያጠፋው፣ ደረጃ መውረድ የሚችል ማሞቂያ ናት፣ ያውም አንድ ለአንድ።

ኢንፌክሽን ይገባል የሚለውን ስጋት አልንቀውም፣ ሲስተሮቹ የሚከለክሉት ከክፋት አይደለም፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ እጅ መታጠቢያው አንድ ነው፣ ሰው ሲበዛ ይጨናነቃል። ግን ጥናቱ እናት ገብታ የባሰ ኢንፌክሽን አላመጣም፣ እንደውም ቀንሷል፣ ልጁ የሚያገኘው ጀርም የእናቱ ነው፣ የሚጠባውም የእናቱን መከላከያ ነው። መሣሪያ ላይ ላለ ልጅ ሁሉ ደረት ብቻውን ይበቃል ማለትም አይደለም፣ ትንፋሽ የማይችለው አሁንም ባግ የሚጨምቅለት ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን ከአስራ ሰባቱ አስራ ሁለቱ እናታቸው ደረት ላይ ከሆኑ ሁለቱ ሲስተሮች ለቀሩት አምስት ይተርፋሉ።

ወተትን በተመለከተ ደሞ፣ አደጋ ሲደርስ ሰው በቅን ልቦና መጀመሪያ የሚያዋጣው የቆርቆሮ ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ላይ ከደረሰው መንቀጥቀጥ በኋላ ይሄው ሆነ፣ በኋላ ሲጠና የቆርቆሮ ወተት ከተሰጣቸው ልጆች መሀል ተቅማጥ የያዛቸው ካልተሰጣቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ውሃው ንጹሕ አይደለም፣ ማፍያ የለም፣ ጡጦ የሚቀቀልበት የለም። እናት የሌለችው ልጅ ፎርሙላ ያስፈልገዋል፣ እሱ በሐኪም እጅ ይሰጠው፣ ለሌላው ግን ለእናቲቱ ምግብና ውሃ መስጠት ነው ለልጁ መስጠት። ደንግጣ ወተቷ የቀነሰ እናት ብትኖርም ልጁን ደረቷ ላይ ባቆየችው ቁጥር ይመለሳል።

ከፍ ያሉት ልጆችም አሉ፣ ኩላሊታቸው የሚታጠብ፣ የካንሰር መድኃኒት የጀመሩ፣ ደም የሚጠብቁ። የነሱ ችግር የሚጀምረው አደጋው ካለፈ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው፣ የሚታጠበው ልጅ ቀኑ ሲያልፍ። መድኃኒታቸው በክብደት ስለሚሰላ ደሞ የወጡበት ሆስፒታል ካርድ አብሮ ካልሄደ የተቀበላቸው ሐኪም ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አገራችንን ስናስብ "እኛ ጋር እንደዚህ ዓይነት አደጋ የለም" የሚል ሰው ካለ የካራቆሬን የ1953 መንቀጥቀጥ ሽማግሌ ይጠይቅ፣ ማጀቴ ከተማን ያፈረሰውን። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ እንደዛው ከ200 በላይ ሰው ቀበርን፣ ከነሱ ውስጥ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትም አሉ። ስምጥ ሸለቆው ደሞ ከተሞቻችንን ይዞ ነው የሚሄደው፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሁሉም ሆስፒታል አላቸው፣ ሁሉም ጨቅላ ያክማሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ1000 ሕያው ሆነው ከሚወለዱ ልጆች 33ቱ 28 ቀን ሳይሞላቸው ይሞታሉ፣ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ። መብራት መጥፋትማ ለኛ አደጋ ተብሎም አይቆጠርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ማሽን አይደለም። ሆስፒታል የምትሠሩ ሰዎች ነገ ስትገቡ ጄኔሬተሩ የት እንዳለ እዩ፣ ነዳጁም የት እንዳለ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚተኛበት ቦታ እንዳይሆን። ኦክስጅን የምትሰጡት በኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ከአየር ኦክስጅን በሚያጣራው ማሽን ከሆነ እሱ ያለ መብራት ፀጥ ነው የሚለው፣ ሙሉ ሲሊንደር ተጠባባቂ አለ ወይ? መክፈቻ ቁልፉስ ማታ ማን ጋር ነው? አምቡ ባጉ በልጆቹ ቁጥር ልክ አለ ወይስ አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል? ለእናቶቹ ደሞ ልጁን እንዴት ደረታቸው ላይ አስረው እንደሚወርዱ ቀን በብርሃን አንድ ጊዜ አሳዩአቸው፣ የሚወርዱበትንም ደረጃ አብራችሁ ውረዱት። ጥበቃውም ይሠልጥን፣ በዛች ሌሊት በሩን የሚከፍተው ወይ የሚዘጋው እሱ ነው።

የወንድሜ ሚስት እንደነገረችኝ በማግስቱ ቅዳሜ ማታ መንቀጥቀጡ ይደገማል የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። ተረኛዋ ሲስተር የመጡት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ኮሪደሩ ላይ የተኙትን እናቶች ትንሽ ቆመው አዩአቸው፣ ከዛ ምንም ሳይሉ ከተመላላሽ ክፍል ስድስት የፕላስቲክ ወንበር አስመጡና በማሞቂያዎቹ መሀል መሀል አስቀመጡ። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ በሳሙና ታጠቡ አሉ። የወንድሜ ሚስት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ሰዓት በላይ ያቀፈቻት በዛች ሌሊት ነው፣ በራሷ ነጠላ አስረውላት። "ተኚ፣ እኔ አያታለሁ" ቢሏትም አልተኛችም፣ ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር ትቆጥር ነበር።